ከረጢቱ ጎበዝ ነው፤ ጭነቱስ?

የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንትን በናኖ ቅንጣት ጠቅልሎ ለአስምና ለሌሎች የሳንባ በሽታዎች ስለማድረስ የሚጻፉትን ጥናቶች ካነበባችሁ፣ ታሪኩ ሁሌም አንድ መሆኑን ታስተውላላችሁ። በታመመ ሳንባ ውስጥ ሕዋስን የሚያቃጥሉ ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ ዕፁ ያከሽፋቸዋል፤ ችግሩ ዕፁ ሳንባ አለመድረሱ ብቻ ነው። ያምራል። ግን ያቺ “ብቻ” የምትለው ቃል አልተዋጠችልኝም።

እርድን ቢጫ ያደረገውን ኩርኩሚን ውሰዱ። ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ የዋጣችሁትንም አንጀትና ጉበት ቶሎ ለውጠው ያስወግዱታል። ከ100 ናኖሜትር በማይበልጥ የስብ ከረጢት ሲታሸግ (የፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ነው) ይህ ችግር በእርግጥ ይቀላል። ከረጢቱም ሕልም አይደለም፦ አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. አሚካሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ በስብ ከረጢት ታሽጎ እንዲተነፈስ ፈቅዳለች። አሚካሲን ግን ሳይታሸግም ባክቴሪያ ይገድላል።

ኩርኩሚንስ? በ2017 ኔልሰንና ባልደረቦቿ የመድኃኒት ኬሚስትሪ መጽሔት ላይ ባወጡት ግምገማ፣ ከ120 በላይ ሙከራዎች በሰው ላይ ቢደረጉም ከማስመሰያ ክኒን ጋር በድርብ ስውር ተነጻጽሮ የተሳካ አንድም የለም አሉ። አንቲኦክሲዳንት ሁሉ ደግ ነው ማለትም አይደለም። በ1994 የወጣው የፊንላንድ ጥናት ለ29,133 ወንድ አጫሾች ክኒን አደለ፤ ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ።

እኛ አገር ጦስኝ ለሳል ይፈላል፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ታይሞልም አንቲኦክሲዳንት ነው። አንድ ቀን “ናኖ ጦስኝ” ማንበባችሁ አይቀርም!

የአይጥ ሙከራዎቹ ላይ ሌላም ቅሬታ አለኝ። አይጧ መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ የምታገኘው ከመታመሟ በፊት ወይም ወዲያው እንደታመመች ነው። በግንደወይን ገጠር ሃያ ዓመት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገሩ እናት ግን ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ሳንባቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። እሳቸውን የሚመስል አይጥ የታለ? ጭሱን የሚያስወጣ ምድጃስ ከከረጢቱ አይቀድምም?

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አስም ያለበት ልጅ ኢንሄለሩን ትቶ “ናኖ” የተባለ የእርድ ክኒን ቢይዝ፣ ሌሊት የሚነሳበት መታፈን ሊገድለው ይችላል።

ቀጣዩን ጥናት ስታገኙ መደምደሚያውን እለፉትና ዘዴው የተጻፈበትን ክፍል ክፈቱ። ባዶ ከረጢት ብቻ የተሰጣቸው አይጦች አሉ? ያልታሸገውን ዕፅ ብቻ የወሰዱስ? ከሌሉ፣ አይጧን ያሻላት ከረጢቱ ይሁን ዕፁ ጸሐፊዎቹም አያውቁም።