የሸክላው ታሪክና የመንገዱ ታሪክ
(ስለ ዋልያስ ባንድ የጉዞ ታሪክ አሰባሰብ የቀረበ ሂስ)

አንድ የሙዚቃ ጓድ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው በሸክላና በካሴት የተቀረጸው ነው፤ ሁለተኛው በመንገድና በመድረክ ላይ የዋለው ነው። የመጀመሪያው በእጅ ይያዛል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ሁለተኛው ግን ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ጠቅልለው ከመድረክ ሲወርዱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው በተመልካቹ ልቡና፣ በማስታወቂያ ወረቀትና በጋዜጣ ዓምድ ብቻ ነው። ስለዚህም የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ሁሉ በቀላሉ ወደሚያዘው ወደ ሸክላው ያደላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ማድላት በሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ላይ ያስከተለውን ጉድለት ማሳየትና መምህራንና ተማሪዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በቅድሚያ ለተሠራው ሥራ ተገቢውን ምስጋና መስጠት ይገባል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ ከተማረከ በኋላ «ኤሬ መላ መላ» በ1986 በአውሮፓ እንዲታተም አደረገ። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ጀመረ፤ ይኸው ሥራ በ2017 ሠላሳኛው ላይ ደርሷል። አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተሟቸው ከመቶ በላይ የሆኑ ነጠላ ሸክላዎች ለዓለም ጆሮ የበቁት በአብዛኛው በዚህ ጥረት ነው። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝም «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው ማሳተሚያው የኃይሉ መርጊያን ካሴት በ2013፣ የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በ2016 እንደገና አውጥቷል። እነዚህ ሰዎች ባይነሡ ኖሮ ብዙው ሥራ በጓዳና በሱቅ መደርደሪያ አቧራ ለብሶ በቀረ ነበር።

ይሁን እንጂ ምስጋና ሂስን አይከለክልም። ከሁሉ አስቀድሞ የዋልያስን ጉዳይ እንመልከት። ዋልያስ በ1970ዎቹ የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት ካደመቁት ጓዶች አንዱ ሲሆን በሒልተን ሆቴል ለረዥም ጊዜ ተጫውቷል። በ1977 «ቸ በለው»ን አሳተመ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዝነኛ ዜማ የሚገኘው በዚሁ ላይ ነው። በ1981 ጓዱ ከማሕሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ፣ አብዛኛው ሀገሩን የለቀቀ ኢትዮጵያዊ በሆነ ተመልካች ፊት ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ተመለሱ። በዚህም ጓዱ ተከፈለ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ወደ ዓለም መድረክ የተመለሱት ካሴታቸው ዳግመኛ ከታተመ በኋላ ነው።

እንግዲህ አንድ ጓድ ለሁለት የተከፈለው በሸክላ ማስቀረጫ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው። የዋልያስ ታሪክ ወሳኝ ምዕራፍ ጉዞ ነው። ሆኖም ስለ ቀረጻው ማን ምን መሣሪያ እንደ ተጫወተ በዝርዝር ሲጻፍ፣ ጉዞው ግን በአጭር አንቀጽ ይታለፋል። በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ምሽት፣ በማን አዘጋጅነት፣ ለስንት ሰው ቀረበ? የተመለሱትስ ምን ገጠማቸው? ስለ ቀሩት ብዙ ሲነገር ስለ ተመለሱት ጥቂት ብቻ ይነገራል፤ ምክንያቱም ጋዜጠኛው የሚያገኘው የቀሩትን ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ሥራ እንዴት እንደ ሠራው ማየት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ማርክ ሉዊሶን ቢትልስ በመድረክ ላይ ያሳለፉትን ጊዜ በ1986 በመጽሐፍ ሲያወጣ ዋነኛ መሣሪያው የየከተማው ትንንሽ ጋዜጦች ነበሩ። ዝነኞች ከመሆናቸው በፊት በየሠፈሩ አዳራሽ ስለ ተጫወቱበት ምሽት የሚናገረው በአንድ ጥግ የታተመ ማስታወቂያ ነው። የአሜሪካው ግሬትፉል ዴድ ደግሞ ከ1965 እስከ 1995 ከሁለት ሺህ በላይ ዝግጅቶችን ያቀረበ ጓድ ነው። አድናቂዎቹ በየምሽቱ የተዘፈነውን እየመዘገቡ፣ በቴፕ የቀዱትን እየተለዋወጡ፣ በ1987 «ዴድቤዝ» የተባለውን መዝገብ አወጡ። ጓዱም በ1984 ለሚቀዱት ሰዎች የተለየ ቦታ እስከ መስጠት ደርሷል። ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው ዋና ነገር ገንዘብ ወይም ማሽን አይደለም፤ የአንድን ተራ ምሽት ቀንና ቦታ ማወቅ ዋጋ አለው ብለው ማመናቸው ነው።

በእኛ በኩል የሚታዩት ጉድለቶች ግን አራት ናቸው።

አንደኛው የዘመን አከፋፈል ነው። የ«ኢትዮፒክስ» የመጀመሪያ ክፍል ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ጊዜ «ወርቃማ ዓመታት» ብሎ ሰይሞታል፤ ብዙዎችም ይህን ቃል ያለ ምርመራ ይደግሙታል። ይህ ግን የሸክላ ኅትመት ዘመን እንጂ የሙዚቃው ዘመን አይደለም። «ቸ በለው» የወጣው በ1977፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» የወጣው በ1978 ነው፤ የአሜሪካው ጉዞ በ1981 ነው። በ1987ና በ1988 «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ቡድን በብዙ አገሮች ተዘዋውሯል። ዘመኑን በሸክላ የለካ ሰው የካሴቱን ዘመን በሙሉ ጨለማ ያደርገዋል። ካሴት ደግሞ ርካሽ በመሆኑ፣ በባትሪ በሚሠራ ቴፕ ስለሚሰማና በኪስ ስለሚያዝ፣ ሙዚቃውን ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከገጠርም ከድንበር ወዲያ ማዶ ያሻገረው እርሱ ነው።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። 1970 ዓ.ም. የሚጀምረው በመስከረም 1977 ሲሆን የሚያበቃው በጳጉሜን፣ ማለት በመስከረም 1978 መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ «በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው» የሚል አንድ ምስክር ከሁለት የአውሮፓ ዓመታት የትኛውን እንደሚያመለክት ወሩን ካልጠየቅነው አናውቅም። ሁለት ዓመት ለብቻቸው ተደርገው የተቈጠሩ ሥራዎች በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት» የሚለውን ማስታወቂያ የውጭ አገር ሰው በራሱ ሰዓት ከተረጐመው ዝግጅቱን ስድስት ሰዓት ያዛንፈዋል። በሰዓት እላፊው ዘመን ደግሞ ተመልካቹ እስኪነጋ ከአዳራሽ ስለማይወጣ አንድ ዝግጅት በአንድ ቀን ተጀምሮ በሌላ ቀን ያልቅ ነበር። የእኛ ቀን የሚለወጠው በንጋት፣ የእነርሱ በእኩለ ሌሊት በመሆኑ አንዱ ዝግጅት በመዝገብ ላይ ሁለት መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው የስምና የርእስ ጉዳይ ነው። በላቲን ፊደል ጥላሁን ገሠሠ ብቻውን በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ ይገኛል። መዝገብ አጠናቃሪው አማርኛ ካላወቀ አንዱን ሰው ሁለት፣ ሁለቱን አንድ ያደርጋል። ርእስም ያሳስታል። «ወደ ሐረር ጉዞ» ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር ያወጡት ካሴት ነው፤ ስሙ ጉዞ ቢሆንም ስም የጉዞ ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ያለውን መረጃ ለይቶ የሚያነብ ተማሪ ማፍራት የቋንቋና የታሪክ መምህር የጋራ ተግባር ነው።

አራተኛው፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው፣ የቦታ ጉድለት ነው። የሙዚቃችን ጉዞ ሲነገር ካርታው አዲስ አበባን፣ ዋሽንግተንንና ፓሪስን ብቻ ያሳያል። የጎንደር፣ የመተማ፣ የገላባትና የገዳሪፍ መንገድ በካርታው ላይ የለም። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው ወደ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አካባቢ፣ ወደ ድንበሩ በተጠጋችው በቁረይሻም ጭምር፣ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ሰፊ ነው። ከአማራ ክፍለ ሀገራት የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ በአጨዳ ወራት ይሻገር ነበር፤ ነጋዴውም እንዲሁ። በ1984ና በ1985 የረሃብ ዘመን፣ እንደገናም ከኅዳር 2020 ጀምሮ፣ የኡም ራኩባ ሠፈር ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠልሏል። ሰው በተሻገረበት ሁሉ ዜማም ይሻገራል። በተለይም የኢትዮጵያና የመካከለኛው ሱዳን ዜማ ሁለቱም በአምስት ድምፅ ስልት የተገነቡ ስለሆኑ የአንዱ ጆሮ ለሌላው ባዕድ አይደለም።

ይህም የአንድ ወገን መንገድ አልነበረም። ታላቁ ሱዳናዊ ድምፃዊ መሐመድ ዋርዲ ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከሀገሩ ውጭ በኖረበት ጊዜ በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ዝግጅት ተቀርጾ ታትሟል። ሰይድ ኸሊፋም በኢትዮጵያውያን ዘንድ እጅግ የተወደደ ድምፃዊ ነበር። እንግዲህ የዋርዲ የአዲስ አበባ ምሽት ቀሪ ማስረጃ ሲኖረው፣ በድንበሩ ከተሞች በሠርግ፣ በሻይ ቤትና በሠፈር ሜዳ የተጫወቱት ስመ ጥር ያልሆኑ ሙዚቀኞች ምሽት ማስረጃው የሰሚው ትዝታ ብቻ ነው።

ትዝታው ደግሞ ለዘለዓለም አይጠብቅም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የማያልቅ የሚመስል ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ገዳሪፍ ራሷ የተፈናቃይ መጠጊያ ሆናለች፤ በመተማ በኩልም ብዙዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረዋል። በ1940 የተመሠረተው የኦምዱርማን ሬዲዮ ሕንፃ እስከ መጋቢት 2024 በታጣቂዎች እጅ ቆይቶ ነበር፤ የሱዳን የድምፅ መዝገብ ዋነኛው ክፍል የሚገኘው ደግሞ እዚያ ነበር። በእኛም በኩል የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የተከተለው ግጭት ብዙ ቤት አፍርሷል። ቤት ሲፈርስ ካሴቱም፣ ፎቶግራፉም፣ አሮጌው የማስታወቂያ ወረቀትም አብሮ ይጠፋል። ሸክላ ሰብሳቢው ከአሥር ዓመት በኋላ ቢመጣ ሸክላውን ያገኝ ይሆናል፤ ምስክሩን ግን አያገኝም።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለዚህ ሥራ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና የሚያዳምጥ ተማሪ ይበቃል። በደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ ይሠመር፦ ቦታ፣ ቀን፣ ተጫዋች፣ የመረጃው ምንጭ፣ የእርግጠኝነት ደረጃ። ከአምስቱ የመጨረሻው ዓምድ ሊዘለል አይገባም። «በዓይኔ አየሁ» ያለና «ሲሉ ሰማሁ» ያለ ሰው ቃል በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሁለት ምስክሮች ባይስማሙ ተማሪው አንዱን አይሰርዝ፤ ሁለቱንም ይጻፍ፤ ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው።

አጠያየቁም ብልሃት ይፈልጋል። ሽማግሌን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ማስጨነቅ የተገመተ ዓመት ያስገኛል እንጂ እውነት አያስገኝም። ይልቁንም «አባባ፣ ሰሊጡ ከመታጨዱ በፊት ነው በኋላ? ልጅዎ ተወልዶ ነበር? በምን መኪና መጡ?» ተብሎ ቢጠየቁ መልሱ በራሱ ወደ ቀኑ ይመራል። የመሬቱም ጠባይ ምስክር ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት ጭቃው መኪና አያሳልፍም። ስለዚህ ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ መንደር ነሐሴ ውስጥ ከባድ የሙዚቃ መሣሪያ የጫነ መኪና ደረሰ የሚል ታሪክ ሲቀርብ ተማሪው «እንዴት አለፈ?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ዓይነት የጂኦግራፊ ትምህርት ለታሪክ፣ የታሪክ ትምህርት ለሙዚቃ፣ የሒሳብም ትምህርት ለቀን ማመሳከሪያ አገልግሎት ይሰጣል።

የቃል መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ከጽሑፍ ጋር ይነጻጸር። «አዲስ ዘመን» ከ1941፣ «ኢትዮጵያን ሔራልድ» ከ1943 ጀምሮ ታትመዋል፤ የቴአትር ቤቶች ማስታወቂያ በገጾቻቸው ላይ ይገኛል። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ክፍሎች ስለ ነበሩ ጉዟቸው በትእዛዝና በውሎ አበል የሚመራ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ደረቅ ወረቀት ሊንቅ አይገባውም። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መምጣቱ በደንብ የታወቀው በአሜሪካ መንግሥት ደጋፊነት ስለ ተጓዘና ጉዞው ስለ ተመዘገበ ጭምር ነው። የእንግዳው ጉዞ በቀኑ ሲታወቅ የራሳችን ሙዚቀኞች ወደ ክፍላተ ሀገር ያደረጉት ጉዞ «በዚያ ዘመን» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሕዝብ በተፈናቀለበት ጊዜ የዘፋኞችን መንገድ መቍጠር ቅንጦት አይደለምን? መልሱ አይደለም ነው። የተፈናቀለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ደረሰበት መከራ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ቀርቦ «በዚያች ከተማ ማን ተጫወተ? እርስዎስ ያኔ ምን ለብሰው ሄዱ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ስደተኛ ከመሆኑ በፊት የነበረውን ሰው ያነጋግረዋል። ቦታው የደስታ ቦታም እንደ ነበር ይመዘግባል። ገዳሪፍና መተማ በዜና የሚነሡት በድንበር ክርክርና በስደት ብቻ ከሆነ፣ ልጆቻቸው ስለ ገዛ አገራቸው የሚያውቁት ጉዳቱን ብቻ ይሆናል።

በጠቅላላው ሸክላ ሰብሳቢዎቹ ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ሥራቸው የጎደለው ከስንፍና ሳይሆን ከቦታቸው የተነሣ ነው፤ ከፓሪስና ከኒው ዮርክ የሚታየው ሸክላው ነው። ከመማሪያ ክፍል መስኮት ግን መንገዱ ይታያል። የሚቀጥለው የትምህርት ወሰን ሳይጀመር እያንዳንዱ መምህር አንድ ደብተር ያዘጋጅ፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ምሽት ይዞ ይምጣ።