«ከዚህ ቀደም የተደረገ ጥናት የለም»

በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ዳዊት የምትደገም አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በዚህ ርዕስ፣ በዚህ አካባቢ፣ ከዚህ ቀደም የተደረገ ጥናት የለም» ትላለች። ያነበብኳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ አይደሉም፤ እሷን ያጣሁበት ግን አላጋጠመኝም። አንዳንዱ ጨዋ ነው፤ «እኔ እስከማውቀው ድረስ» ብሎ ያስቀድምላታል። ሌላው ደግሞ ዓለምን ዞሮ እንደተመለሰ ሰው በደፈናው «የለም!» ብሎ ይዘጋዋል።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ የማስተርስ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን ብቻ እይልኝ» አለኝ። የሚያጠናው እርሻ ነው። ገበሬዎች ጤፍን በመስመር መዝራትን ለምን እንደተቀበሉ ወይም እንዳልተቀበሉ ይመረምራል። ገጽ ሦስት ላይ ያቺው ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብላለች።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«በምኑ?»

«ጥናት እንደሌለ።»

«ጎግል ላይ አይቻለሁ።»

«ምን ብለህ ፈለግህ?»

ለካስ ርዕሱን እንዳለ፣ ከነወረዳው ስም ገልብጦ ነው የፈለገው። አሥራ ስምንት ቃል! ያንን ሁሉ ቃል በዚያው ቅደም ተከተል የያዘ ጽሑፍ በምድር ላይ ቢኖር የራሱ ረቂቅ ብቻ ነው።

በማግስቱ ተያይዘን ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ልጁ ገና አልተመረቀም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የኤሌክትሮኒክ መረጃ ክፍል የሚሉት አለ። ኮምፒውተሮቹ እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ጥልፍ ጨርቅ ለብሰዋል። የእህቴ ልጅ በዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ተምሯል፤ ክፍሉን ያየው ግን ያን ዕለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ የምንፈልገውን ስንነግራቸው መነጽራቸውን አደረጉና ወንበር ሳቡልን። እንግዳ እንደናፈቀው ሰው ነበር አቀባበላቸው። የይለፍ ቃሉን ከመሳቢያቸው አወጡት፤ በብጣሽ ካርቶን ላይ ተጽፏል።

ያቺ ብጣሽ ካርቶን ምን እንደምትከፍት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ፣ ሂናሪ የሚባለውን የሕክምና መጽሔቶች ቋት ለድሃ አገሮች ተቋማት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ለእርሻው ዘርፍ አጎራን አስከተለ። ቆይቶም ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለቴክኖሎጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ለሕግ እየተባለ ተጨመረ። ዛሬ ሁሉም «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚል አንድ ጥላ ሥር ናቸው። ሌላው ዓለም አንዲቷን መጣጥፍ ብዙ ጊዜ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ ከፍሎ የሚያነባቸው መጽሔቶች፣ እንደኛ ባለ አገር ለሚገኝ የተመዘገበ ተቋም በነፃ ይነበባሉ። ድህነታችን ከከፈተልን ጥቂት በሮች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። (የእህቴ ልጅ ሳይ-ሀብን ያውቀዋል። ያለ አሳታሚዎች ፈቃድ መጣጥፍ የሚወርድበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ድረ ገጽ ነው። በዋናው በር ግባ ተብሎ የተጋበዘ ሰው በአጥር ሲዘል አስቡት።)

ኃላፊዋ መጀመሪያ የጠየቁት «ጤፍን በስንት ‹ኤፍ› ነው የጻፍከው?» ብለው ነው።

«በሁለት።»

«በአንድ ‹ኤፍ› የሚጽፉትን ሁሉ ጣልካቸዋ!»

እውነታቸውን ነው። አንዱ አጥኚ በአንድ፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ማሽኑ የታዘዘውን ፊደል እንጂ ጤፍን አያውቅም። ሁለቱንም አጻጻፍ «ወይም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አገናኙና በመጨረሻ ሳይንሳዊ ስሙን፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍን ጨመሩበት። «በመስመር መዝራት» የሚለውንም ሐረግ እንዳይበታተን በትእምርተ ጥቅስ አሰሩት። የጎንደርና የጅማ ነገርማ አይነሳ፤ የአገራችን ከተሞች በላቲን ፊደል ስማቸው እንደ ጸሐፊው ስሜት ይቀያየራል። የደራሲ ስም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የፈረንጅ ቋት የአባትን ስም የቤተሰብ ስም እያደረገ ስለሚመዘግብ፣ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን በራሳቸው ስም ያጣ ሰው በአባታቸው ስም ያገኛቸዋል። ይህን ሁሉ ሴትዮዋ ያውቁታል። የምርምር ዘዴ በሚባለው ኮርስ ላይ ግን፣ ልጁ እንደነገረኝ፣ ማንም አላነሳውም። እዚያ የተማረው መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «የለም» የተባለው ጥናት ከአንድ ገጽ አልፎ ወረደ። በመስመር መዝራት በ2005 ዓ.ም. ገደማ በዘመቻ ሲስፋፋ፣ በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚፈጀውን ዘር ወደ ጥቂት ኪሎ አውርዶ ምርቱን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል የተባለበት ዘመን ትዝ ይላችኋል። በገበሬው በራሱ ማሳ ሲሞከር ግን የምርቱ ጭማሪ እንደተወራው እንዳልሆነ፣ የሚጠይቀው ጉልበት ግን እንደጨመረ የሚያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። የእህቴ ልጅ ረቂቅ ላይ ገበሬው ያልተቀበለው «በግንዛቤ ማነስ» ነው ተብሏል። ልጁ ስክሪኑን እያየ ዝም አለ።

የባሰው የመጣው የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎችን የጽሑፍ ማከማቻ ስንከፍት ነው። ሁለት የመመረቂያ ጽሑፎች፣ አንዱ ከዚያው ወረዳ! ሁለቱም በመግቢያቸው ላይ ከዚህ ቀደም የተደረገ ጥናት የለም ይላሉ።

ተማሪውን ብቻ አልወቅስም። አማካሪው ያቺን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ፈርሟል። ፈታኙም ያነባታል፤ «የት ፈልገህ አጣህ?» ማለት ግን ነገር መፈለግ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት በሆነ ማከማቻ እንዲቀመጥ የሚያዝ ብሔራዊ ፖሊሲ ወጥቶልናል። ደግ ነው። ማስቀመጡን ፖሊሲ ያዛል፤ ቀጣዩ ተማሪ ከፍቶ እንዲያይ የሚያዘው ግን አማካሪው ነው። የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት የሚባለው ምዕራፍ ከሌላ ሰው ቅኝት ሲቀዳ፣ ያም ከሌላ የተቀዳ ሲሆን፣ ከግርጌ የተደረደሩት ስሞች ማንም ደውሎላቸው የማያውቅ ዘመዶች ይሆናሉ።

ታክሲ ውስጥ የእህቴ ልጅ ሳይጠየቅ ተናዘዘ።

«ጋሼ፣ መጠይቁን ሳስሞላ አንድ አባት ‹ይኸን እኮ አምናም መጥታችሁ ጠይቃችሁናል› ብለውኝ ነበር።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ያ ሌላ ፕሮጀክት ነው አልኳቸው።»

ቅኝቱን ከልጁም ከአማካሪውም ቀድመው የሠሩት እኚህ ገበሬ ናቸው። የሥራ ቀናቸውን ትተው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ስንት ጥማድ አለዎት፣ ስንት በሬ፣ ስንት ልጅ እየተባሉ ሁለት ጊዜ መልሰዋል። እንግዳ ነውና ጠላም ቀድተዋል ይሆናል።

ልጁ ዓረፍተ ነገሯን ሰረዛት። በምትኳ ሁለቱን ጽሑፎችና ያገኛቸውን ጥናቶች አስገባ፤ ጥያቄውንም ወደ ጉልበቱ ነገር አዞረው። ረቂቁ ከአማካሪው ዘንድ ሲመለስ ገጽ ሦስት ላይ በቀይ ተጽፎበታል፤ «ክፍተቱ የታለ? የቀድሞው ይሻላል።»

ምን ላድርግ ብሎ ደወለልኝ። የእኚያ ገበሬ ስልክ መጠይቁ ላይ እንዳለ አስታወስኩትና፣ የአምናዎቹ አጥኚዎች ውጤቱን ምን ብለው እንደነገሯቸው እንዲጠይቃቸው መከርኩት። ማታ መልሶ ደወለ።

«ምን አሉህ?»

«ሳቁብኝ። ‹ልጄ፣ ማን ተመልሶ መጥቶ!› አሉኝ።»