አርጎብኛን ማን ይማራል? ለምንስ ይማራል?

ኅዳር 29 ቀን በመጣ ቁጥር በየመድረኩ አንድ ዓይነት ግጥም እንሰማለን። ገጣሚው የአገር ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ አያት ቅድመ አያቱን ይጠራል፤ ቋንቋችን እንዳይጠፋ ብሎ ይማጸናል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ስለ አርጎብኛ የተነበቡ እንዲህ ያሉ ግጥሞችን ደጋግመን ሰምተናል። የሰማናቸው ሁሉ ግን በአማርኛ የተጻፉ ነበሩ። እንዴ! ቋንቋው አይሙት እያለ የሚለምን ግጥም በዚያው ቋንቋ አንዲት ስንኝ ካልቋጠረ ለማን ነው የሚለምነው?

የዛሬው ሂሳችን የሚነሳው ከዚህ ነው። ጥያቄያችንም ሁለት ነው። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ጎልማሳ አርጎብኛን የሚማረው ምን ፈልጎ ነው? ሥነ ጽሑፋችንስ ለዚህ ሰው ምን አዘጋጅቶለታል?

ነገሩን ከሥሩ ለማየት አገሩን እናስቀድም። ከአንኮበር ግርጌ ከአልዩ አምባ ጀምሮ፣ በይፋት ቆላ በኩል አልፎ፣ በስተሰሜን እስከ ሾንኬና ጦላሃ ድረስ የአርጎባ ሰፈሮች እዚህም እዚያም ይገኛሉ። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ አማርኛ የጣለውን፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን የ«ሐ»ን ድምፅ ጠብቆ ያቆየ ዘመድ ነው። ሕዝቡ በንግድና በሽመና የታወቀ ነው። ነጋዴ ደግሞ የገዢውን ቋንቋ ይማራል እንጂ ገዢው የእሱን እስኪማርለት አይጠብቅም። ከአማራው ጋር አማርኛ፣ ከኦሮሞው ጋር ኦሮምኛ፣ ከአፋሩ ጋር አፋርኛ ሲባል፣ እንግዳው ሁሉ በገዛ ቋንቋው ሲስተናገድ፣ የቤቱ ቋንቋ ቀስ በቀስ ጓዳ ገባ። በሐረር በኩል የነበረው አርጎብኛ ደግሞ ከጓዳም ወጥቶ ቦታውን ለኦሮምኛና ለሐረሪ ለቅቋል።

እንግዲህ ተማሪውን እንፈልገው።

የመጀመሪያው ዓይነት ተማሪ ለእንጀራ የሚማር ነው። ካራቆሬ ገበያ ላይ ቆሞ ያዳመጠ ሰው ይህን ተማሪ ያውቀዋል። አማርኛ ተናጋሪው ከብት ለመግዛት ኦሮምኛ ይለምዳል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ለቢሮና ለመኪና መንገዱ አማርኛ ይለምዳል። መምህር የለ፣ ደብተር የለ፤ ሆድ ራሱ ያስተምራል። ታዲያ በዚህ ትምህርት ቤት አርጎብኛ አይሰጥም። አርጎባው ነጋዴ ሌላውን ሁሉ ስለሚችል፣ የእሱን የሚማርበት ምክንያት ለማንም አልተረፈም። ብዙ ቋንቋ መቻሉ ለሰውየው ሀብት ሆነለት፣ ለቋንቋው ግን ጉዳት ሆነበት።

ሁለተኛው ዓይነት ተማሪ አጥኚው ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ኮኸን በ1939 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የደቡብ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ጥናት ውስጥ አርጎብኛን አካቷል። ቮልፍ ሌስላው ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ጀርመን አገር አሳትሟል። ለሁለቱም ምስጋና ይገባቸዋል፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙ ቃል ከሽማግሌዎች ጋር ተቀብሮ በቀረ ነበር። ነገር ግን ሂስ ሂስ ነውና አንድ ነገር እንበል። የሌስላው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለሌላ አጥኚ የታሰበ፣ በላቲን ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክት የታጨቀ ነው። አያቱን ለማናገር የሚፈልግ የሸዋ ሮቢት ልጅ ይህን መጽሐፍ ቢያገኝ እንኳ ምን ያደርግበታል? ግሱ እንዴት እንደሚረባ ይነግረዋል፤ አያቱ ስትስቅ ምን እንዳሳቃት አይነግረውም።

ሦስተኛው ዓይነት ተማሪ ለስሙ የሚማር ነው። ወላጆቹ አርጎባ ናቸው፤ እሱ ግን ያደገው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው፤ ሃያ ዓመት ሲሞላው «የእኔስ የታለ?» ብሎ ይነሳል። ይህ ተማሪ እየበዛ መሄዱን ቁጥሩም ይጠቁማል። በ1986 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ራሱን አርጎባ ያለው ሕዝብ ወደ 63 ሺህ፣ አፍ መፍቻዬ አርጎብኛ ነው ያለው ወደ 11 ሺህ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ ወደ 140 ሺህ፣ ተናጋሪው ወደ 44 ሺህ ደረሰ። በ13 ዓመት ተናጋሪው አራት እጥፍ! በወሊድ ብቻ እዚህ አይደረስም። ስሙ በሕግ ታወቀ፤ በአማራም በአፋርም ክልል የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። ስሙ ሲከበር ቀድሞ በዝምታ ያለፈው ሁሉ ስሙን ጠራ። ይህ ደግ ነገር ነው። ሆኖም ቅጽ ላይ የተሞላ ቋንቋ ሁሉ አፍ ላይ ያለ ቋንቋ ነው ማለት አይደለም።

በለስም ብቻ የሚያዝ ቋንቋ ሌላም ችግር አለበት። ሰው ከሰው የሚነጋገርበት መሆኑ ቀርቶ ሰው ከሰው የሚለይበት ምልክት ብቻ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ካራቆሬ በቃጠሎና በሞት ያለፉበትን ጊዜ ያየ ሰው፣ መለያ ብቻ ሆኖ የቀረ ነገር እንዴት እንደሚያስፈራ አይጠፋውም። ቋንቋ የሚማር ሰው የሚያናግረው ሰው ይፈልግ እንጂ የሚያውለበልበው ምልክት አይፈልግ።

ሦስቱን ካየን ዘንድ አራተኛውን እንጥራ፤ ሥራ ይዞ የሚማረውን።

በዚህ ረገድ ስኮትላንዶች የሚነግሩን አላቸው። የእነሱም ጌሊክ በእንግሊዝኛ ተገፍቶ ወደ ደሴቶቹ የሸሸ ቋንቋ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጎልማሳ ይማረዋል፤ አንዳንዱ የአያቱን ለመመለስ፣ አንዳንዱ ለዘፈኑ፣ አንዳንዱም ዘመድ ሳይኖረው በፍቅር ብቻ። በስካይ ደሴት በ1973 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ በጌሊክ የሚያስተምር ኮሌጅ አላቸው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ቴሌቪዥን አላቸው። «መንግሥታቸው ሀብታም ነው» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ግን ከሕጉና ከቴሌቪዥኑ በፊት ጆርጅ ካምቤል ሄይ የሚባል ገጣሚ ነበር። ጌሊክ አፍ መፍቻው አልነበረም፤ ተምሮ ያገኘው ነው፤ በ1940ዎቹ ግን በጌሊክ የግጥም መድበል አሳተመ። ኤድንበራ የተወለደችው ሜግ ቤትማንም እንዲሁ ቋንቋውን ተምራ ከታወቁት የጌሊክ ገጣሚዎች አንዷ ሆናለች። እነዚህ ሰዎች ስለ ጌሊክ አላለቀሱም፤ በጌሊክ ጻፉ። ከእነሱ በኋላ የመጣው ተማሪ የሚያነበው አገኘ።

ሩቅ አገር ለምን እንሄዳለን? የእኛው አገር ምሳሌ አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሳ ግን፣ ከቋንቋው አገር ርቆ ያደገ ነበርና የቃል ሀብቱ አልበቃውም። ምን አደረገ? እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣች፣ ቋንቋውን ግን በሚገባ ከምታውቅ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠራ። እሷ ቃላቱን ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። በ1894 እ.ኤ.አ. የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ትልቅ ሰው የገዛ ቋንቋውን እንደገና ተማረ፤ የተማረውም የሚጨርሰው ሥራ ስለነበረው ነው። ልብ በሉ፦ ከሥራው ጀርባ መዝገበ ቃላት ብቻ አልነበረም፤ ተረት የምታውቅ ሴት ነበረች።

በእኛ አስተያየት የአርጎብኛ ችግር የፍቅር እጦት አይደለም። ፍቅሩማ በየመድረኩ ሞልቷል። ችግሩ ለተማሪው የሚነበብ ነገር አለመዘጋጀቱ ነው። ለእንጀራ አይሆንም፤ ለጥናት ብቻ ከሆነ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ለስም ብቻ ከሆነ ቅጽ ላይ ይቀራል። አንድ ጎልማሳ ከቀን ሥራው ተርፎ ማታ ማታ እንዲማረው፣ ሊያነበው የሚጓጓለት ነገር በቋንቋው መኖር አለበት። ያ ነገር መጽሐፍ ቅዱስን ወይም ትልቅ ልቦለድን ማከል የለበትም። የሾንኬ ሴቶች ለልጅ የሚነግሩት ተረት ይበቃል። የሸማኔው ቀልድ ይበቃል።

ፊደሉም አያስቸግርም። አማርኛ ጸሐፊ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ሆነውበት የትኛውን ልጻፍ እያለ ሲጨቃጨቅ ይኖራል። አርጎብኛ ጉሮሮውን ጠብቋልና ያ ሥራ ፈት «ሐ» እሱ ዘንድ ሥራ አለው።

ስለዚህ ከይፋት የመጣችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የዕረፍት ጊዜው ሲደርስና አገር ስትገቡ አደራ አለባችሁ። ከአያቶቻችሁ አንዲት ተረት በአርጎብኛ፣ እንደ አነጋገራቸው፣ ሳታሳምሩ ጽፋችሁ አምጡ። አማርኛውን ከጎኗ እናስቀምጥላታለን፤ ግራው ዓምድ የአርጎብኛ፣ ቀኙ የአማርኛ ይሆናል። ለኅዳር 29ኙ ገጣሚም መልእክት አለን፦ በሚቀጥለው ዓመት አራት መስመር ብትሆንም በአርጎብኛ ትምጣ። ካልገባን እንጠይቃለን፤ ሲጠይቁም ነው የሚማሩት።