የዳላስ ቦዘኔዎች

ዳይሬክተሩ ዌስ አንደርሰን ከተዋናዮቹ ከኦወንና ከሉክ ዊልሰን ጋር ዳላስ ላይ የሠራው «ቦትል ሮኬት» መጀመሪያ የአሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ጥቁርና ነጭ አጭር ፊልም ነበር፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ረጅም ፊልም ሆኖ ወጣ። ስለ ቦዘኔ ወጣቶች ነው ይባላል። እኔ ግን የሚደነቀው ቦዘኔነት የዕቅድ እጦት አለመሆኑን ማሳየቱ ነው እላለሁ። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ዲግናን ዕቅድ ሞልቶ ተርፎታል፤ በደብተር ላይ የሰባ አምስት ዓመት ሕይወት ጽፎ ለጓደኛው ለአንተኒ ያስረክባል። የጠፋው ዕቅዱን የሚቀበል ቦታ ነው። አንተኒም ከአእምሮ ሕክምና ተቋም በበሩ መውጣት ሲችል አንሶላ ቋጥሮ በመስኮት ይወርዳል፤ ውጭ የሚጠብቀው ዲግናን «ማምለጫውን» በጉጉት ስላሰናዳ ቅር እንዳይለው ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ስንፍና ከሚሉት ጋር አይገጥምም።

«የጠገቡ ልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ፊልሙ ግን ይህን አይደብቅም። ዘራፊ ሊሆኑ የተነሡት ጓደኛሞች ለልምምድ የሚዘርፉት የአንተኒን ቤተሰብ ቤት ነው! ከዘረፋ በኋላ ተደብቀው የሚያርፉበት ሞቴል ውስጥም ከፓራጓይ የመጣችው ኢኔዝ ክፍል ለክፍል እየዞረች ታጸዳለች፤ አንተኒ በፍቅሯ ወድቆ ጋሪዋን ተከትሎ ይዞራል፣ አልጋ ሲነጠፍ ያግዛል። ሠርቶ አዳሪዋ አጠገባቸው ስትቆም የእነሱ ሽሽት ምን ያህል ቅንጦት እንደሆነ ያለ ስብከት ይታያል። ፊልሙ በሲኒማ ቤት ገበያ አልቀናውም፤ ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ግን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ምርጥ ካላቸው ፊልሞች መካከል ቆጥሮታል።