ማስረጃውን የሚጠይቅ ሰው

ብሪታንያውያን ሕንፃን በአካባቢ ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ የሚመዝኑበት ብሪአም የተባለ ዘዴ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበራቸው። መንገድ፣ ድልድይ፣ የፍሳሽ መስመርና የጎርፍ መከላከያ ግን ከዚያ ውጭ ቆዩ። ክፍተቱን በ2003 የሞላው በሲቪል መሐንዲሶች ተቋም መሪነት የተዘጋጀው ሲኳል የተባለ መመዘኛ ነው፤ ከልቤ አደንቀዋለሁ።

የማደንቀው ስለ ጥያቄዎቹ ነው። ከቁፋሮው የወጣው አፈር የት ይደፋል? እዚያው መልሶ መጠቀምስ አይቻልም? ጅረቱ በግንባታው ወራት እንዳይደፈርስ ምን ተደረገ? ጎረቤቶች ስለ አቧራውና ስለ ጩኸቱ አስቀድመው ሰምተዋል? ከሁሉም በላይ፣ ሕግ ከሚያስገድደው አልፋችሁ ምን ሠራችሁ?

መልሱን በቃል መናገር አይበቃም። የፕሮጀክቱ ገምጋሚ ነጥብ ከሰጠ በኋላ፣ ከውጭ የመጣ አረጋጋጭ ንድፉንና ቃለ ጉባኤውን እያገላበጠ ማስረጃ ይፈልጋል። ይህን አድካሚ ሥራ የሙያው ክብር አድርጌ አየዋለሁ። እሱ ባይኖር “አካባቢን የማይጎዳ” የሚለው ቃል የምረቃ ቀን ንግግር ማሳመሪያ ሆኖ በቀረ ነበር።

በተለይ ደስ የሚለኝ፣ ጥያቄው ቀድሞ ሲመጣ ነው። ንድፉ ገና ወረቀት ላይ ሳለ የመንገዱን መስመር ከረግረጉ ማራቅ ይቻላል፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚቀረው ጉዳቱን መቀነስ ብቻ ነው።