የጥልፉ ጀርባ

ጥልፍ የሚያውቁ ሴቶች ቀሚስ ሲገዙ ፊቱን ብቻ አይተው ገንዘብ አይቆጥሩም። ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ከፊት መስቀሉ ያማረ፣ ቀለሙ የደመቀ ጥልፍ ከጀርባው ክሩ እየዘለለ የተሰፋ፣ ቋጠሮው የላላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይተረተራል። ሕግንም ገልብጬ ማየት የለመድኩት የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊንና የባልደረቦቻቸውን ሥራ ስከታተል ነው።

ወይዘሮ መዓዛ አሶሳ ተወልደው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረዋል። በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅም በኮሚሽኑ የሕግ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ከዚያ ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ይቆማል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ሴቶቹን ለችግር ያበቃቸውን ሕግ ለማስቀየር ይሟገታል። አንዱ እጅ የተቀደደውን ይጠቅማል፣ ሌላው አዲስ ይሰፋል።

በቋንቋችን ጠለፈ የሚለው ግስ ሁለት ሥራ አለው። መርፌ የያዘችው ሴት ጨርቅ ትጠልፋለች፤ ጠመንጃ የያዘው ጎረምሳ ደግሞ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ ይጠልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የተጠለፈችው አበራሽ በቀለ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ተደፈረች። ከተዘጋባት ቤት የጠላፊውን መሣሪያ ይዛ አመለጠች፤ እየተከተሏት ሲደርሱባት ተኮሰች፤ ጠላፊዋ ሞተ። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ወይዘሮ መዓዛና ማኅበራቸው የቆሙላት ያኔ ነው። ታሪኩን መነሻ ያደረገው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልምም እ.ኤ.አ. በ2014 ለዕይታ በቅቷል።

ሕጋዊ መከላከል በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በችሎት ግን ጠባብ በር ነው። አደጋው ደርሶ ነበር ወይ? ሌላ ማምለጫ አልነበረም ወይ? የተከላካዩ ኃይል ከጥቃቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። ልጅቱን ከቤቱ ከወጣች በኋላ ብቻ ለሚያያት ሰው፣ መሣሪያ የያዘችው እሷ ናት። በዚያ በር ለመግባት ጠለፋን እንደ አንድ ቅጽበት ሳይሆን ከመንገድ ላይ ጀምሮ ልጅቱ ቤተሰቧ ዘንድ እስክትደርስ እንደማይበጠስ አንድ ክር ማየት ያስፈልጋል። የሚያሳድዷት ሰዎች ያንኑ ጠለፋ እየቀጠሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

አሁን ያኔ ይሠራበት የነበረውን ሕግ ጀርባ እንይ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ያደርገው ነበር። ፊቱ ያማረ ነበር። ቅጣቱ ግን ከ3 ዓመት ጽኑ እስራት አይበልጥም ነበር። ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ስንደርስ ደግሞ ክሩ ይላላል፦ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ አይቀርብም ነበር። «በፈቃዷ» የምትለዋ ቃል ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ልጅቱ የምትገኘው በእሱ ዘመዶች ቤት ነው። ሽማግሌዎች ተልከው አባቷን እያስታረቁ ነው። ክብረ ንጽሕናዋ ተወስዷል፤ ሌላ የሚያገባት የለም እየተባለ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል የሚሰጥ ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ያቺ አንዲት ንዑስ አንቀጽ ለጠላፊው መንገድ ትጠቁመው ነበር፤ ከቅጣት ማምለጥ ከፈለግህ ቶሎ ብለህ አግባት እንደማለት ነው።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ስፌት ፈትቶ እንደገና ሰፋው። ሕጉን ያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ ከጀርባው ግን የብዙ እጅ ድካም አለ፤ የማኅበሩ ጉትጎታም ከእነዚህ አንዱ ነው። አንቀጽ 587 የጠለፋን ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረገው። ልብ በሉ፤ የድሮው ጣሪያ የአዲሱ ወለል ሆነ። ንዑስ አንቀጽ 2 በጠለፋው ላይ መድፈር ከተጨመረ ለዚያም በተደራቢ ያስጠይቃል። ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን ይደነግጋል። የሽምግልናው ክር የሚያልፍበት ቀዳዳ ተደፈነ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ግን መርፌው የገባው በትክክል የድሮው ጨርቅ በተቀደደበት ቦታ ነው።

እንዲህ ሕግን ፈትቶ መስፋት የጤናም ሥራ ነው ስል ከልቤ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። አጥንቷ ያልጠና ልጅ ስታምጥ ምጡ ቀናት ሊወስድ ይችላል። የሕፃኑ ጭንቅላት በፊኛዋና በዳሌ አጥንቷ መሃል ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል፤ ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፌስቱላ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐኪሞቹ ሐምሊን ባልና ሚስት አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ሆስፒታል ያን ቀዳዳ በመርፌና በክር ሲጠግን ኖሯል። ማኅበሩ የተሟገተለት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ሲያደርግ፣ ያቺን ልጅ የሐኪሙ አልጋ ላይ ሳትደርስ ሊያስቀራት የተሰፋ ስፌት ነው።

በወንጀል ሕጉ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2ን ነው። ሕጉ በመድፈር የመጣ ጽንስ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ማስረጃው ምንድን ነው? የፍርድ ቤት ውሳኔ ቢጠየቅ ጽንስ ዘጠኝ ወር፣ መዝገብ ዓመታት ነውና ፈቃዱ ከንቱ በሆነ ነበር። ስለዚህ ሕጉ የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ ነው ይላል። በሌላ ችሎት ሁሉ ስትጠረጠር የኖረች ሴት እዚህ ላይ ስትናገር ታመነች። የጤና ባለሙያውም መርማሪ ሳይሆን ሐኪም ሆኖ ቀረ።

የላላ ክርም አለ። የሴት ልጅ ግርዛት በአንቀጽ 565 ቢያንስ የ3 ወር ቀላል እስራት፣ አለዚያም ቢያንስ የ500 ብር መቀጮ ነው የተደነገገበት፤ ለአካል መጉደል ይህ ቀላል ነው። መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ደግሞ «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ገደብ ያገቡ ሴቶችን ጥበቃ ነፍጓቸዋል። የቀረውን ስፌት የሚጨርስ እጅ እየተጠበቀ ነው።

ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. አገለገሉ። በጥብቅና የተሟገቱላቸው አንቀጾች በየቀኑ የሚነበቡበት ቤት ነው። ጥሩ ጥልፍ የሚለየው ሲታጠብ እንደሆነ ሁሉ ሕግም የሚፈተነው በችሎት ነው። ጠላፊው ሽማግሌ ልኮ፣ ጋብቻውን ፈርሞ፣ የሰርጉን ፎቶግራፍ ይዞ ሲቀርብ ዳኛው አንቀጽ 587ን ገልጦ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ይደርሳል። እዚያ ላይ ክሩ ጠብቆ ታስሯል።