አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፦ ስለ ቢከን ሂል ደወል ደዋዮች መቶኛ ዓመት

የአንድ የሙዚቃ ጓድ የምሥረታ በዓል ሲከበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ምስጋና ነው። የረገጣቸው መድረኮችና የተቀበላቸው ሽልማቶች ይቆጠራሉ። የሂስ ተግባር ግን ጓዱ ምን ይዞ ቆየ፣ ምንስ ጣለ ብሎ መጠየቅ ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ ቢከን ሂል በተባለው ሰፈር፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1923 (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የእጅ ደወል ደዋዮች ጓድ ከተመሠረተ በ2023 መቶ ዓመት ሞላው። ይህን አጋጣሚ መነሻ በማድረግ ስለ መሣሪያው ጠባይና ስለ ተጓዘበት መንገድ ጥቂት አስተያየት እንሰነዝራለን።

በቅዳሴ ሰዓት የሚሰማውን ቃጭል የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። የእንግሊዝ የእጅ ደወል ግን ከቃጭል የሚለይበት ዋና ጠባይ አለው። ምላሱ እንዳሻው አይወዛወዝም፤ በአንድ መስመር ብቻ እንዲመላለስ ሆኖ ስለሚታሰር ደዋዩ በፈለገው ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ ሊመታው ይችላል። ድምፁን ሊያቆም ሲሻ ደወሉን ከትከሻው ያስጠጋዋል። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ደወል የተወሰነለት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አምስት ኦክታቭ ለመሙላት 61 ደወሎች ያስፈልጋሉ፤ ደዋዩም እንደ ልማዱ ሁለት ሁለት ስለሚይዝ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ። ስለዚህ ዜማው በሙሉ በማንም እጅ አይገኝም። እያንዳንዱ ደዋይ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፣ ይቆጥራል፣ የጎረቤቱን እጅ ያያል፤ አንዱ ከቀረ ዜማው ይሸነቆራል።

መሣሪያው የተወለደው ለመድረክ አልነበረም። የእንግሊዝ አገር የደወል ቤት ደዋዮች የደወሎቹን ተራ እያቀያየሩ የመደወልን ውስብስብ ሥርዓት ከብርድና ከጎረቤት ወቀሳ ርቀው የሚለማመዱበት ነበር። ሰባት ደወሎች አንዱን ቅደም ተከተል ሳይደግሙ 5,040 ጊዜ ሊቀያየሩ እንደሚችሉ ስናስብ የልምምዱን ክብደት እንረዳለን። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የሰሜን እንግሊዝ ሠራተኞች ይህንኑ መሣሪያ የራሳቸው አደረጉት፤ ከ1855 ጀምሮም በማንቸስተር ቤል ቪዩ ይወዳደሩበት ነበር።

ይሁን እንጂ የትርዒት ነጋዴው እጅ ቀድሞ ደርሶ ነበር። በ1840ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ፊኒያስ ባርነም የላንካሻየር ደዋዮችን ቀጥሮ ወደ አገሩ ሲወስዳቸው የስዊስ ልብስ አልብሶ፣ ጢም አስጎፍሮ፣ «የስዊስ ደወል ደዋዮች» ብሎ አስተዋወቃቸው። የቋንቋቸው ነገር በተነሳ ጊዜም፣ የላንካሻየር ንግግራቸው ለአሜሪካውያን ስለማይገባ ስዊሶች መሆናቸውን ማንም አይጠራጠርም ማለቱን ራሱ ጽፎታል። ጥበባቸው እውነተኛ ሆኖ ሳለ የተሸጠው ማንነታቸው ሐሰት ነበር።

የቢከን ሂሉ ጓድ ዋጋ የሚታየው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነው። መሥራቿ ማርጋሬት ሸርክሊፍ በ1902 በእንግሊዝ አገር ጥበቡን በተግባር አጥንታ የእጅ ደወሎች ተበርክተውላት ተመለሰች። ከዚያም ከልጆቿና ከወዳጆቿ ጋር በቤት ውስጥ ደወለች፤ በገና ዋዜማም በሰፈሩ ጎዳና ተሰማ። በ1954 የአሜሪካ ደዋዮች ብሔራዊ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት እርሷ ሆነች። ጥበቡ የተስፋፋው በአማተሮች ልምምድ እንጂ በአስመሳይ አልባሳት አልነበረም።

የዛሬዎቹን ጓዶች ስንመዝን ግን አንድ ጉድለት እናያለን። ብዙዎቹ ለኦርኬስትራ ወይም ለሮክ ባንድ የተደረሰን ፈጣን ሥራ በደወል በመድገም ተመልካቹን ማስደነቅ ይሻሉ። የእጆች ቅልጥፍና በእርግጥ ያስደንቃል። ነገር ግን የደወል ድምፅ ከተመታ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ይርገበገባል፤ ድምፆች በላይ በላይ ሲከመሩ ዜማው ይደፈርሳል፣ በየጊዜው ሲታፈኑም መረዋነቱ ይሞታል። ከዚህ አንጻር የተሻሉት የመሣሪያውን ጠባይ አውቀው ለዝምታ ስፍራ የሚሰጡ ድርሰቶች ናቸው። ችሎታ በደወል ብዛትና በፍጥነት ብቻ ሲለካ ባርነም በሌላ በር ይመለሳል።

ይህ ጉዳይ ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። እምቢልታ ነፊዎቻችን ቁመታቸው የተለያየ መሣሪያዎችን ይዘው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ እያዋጡ፣ በመፈራረቅ ዜማ ይሠራሉ። የደራሼ ሕዝብ ፊላም በዚሁ መርህ የቆመ ነው፤ ብዙ ሰዎች የየራሳቸውን ድምፅ የሚሰጠውን ሸምበቆ እየነፉ በኅብረት ይጨፍራሉ። ከእንግሊዝ ደወል ጋር የዘር ግንኙነት የለውም፤ የተገናኙት በአሠራር ነው። የእምቢልታን ድምፆች አንድ ሰው በኦርጋን፣ ያውም በአንድ እጁ፣ ሊጫወታቸው ይችላል። ዜማው ይገኝ ይሆናል፤ ነፊዎቹ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ሥርዓት ግን ከመድረኩ ይጠፋል።

ስለሆነም የባህል ጓድ የሚያደራጅ ካድሬ፣ ሙዚቃ የሚያስተምር መምህርና ድርሰት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የተጫዋች ቁጥር ለመቀነስ ከመወሰናቸው በፊት የሚቀነሰው ምን እንደሆነ ሊመረምሩ ይገባል። የመቶ ዓመቱ በዓል ያስተማረን ይህን ነው፦ አንድ ድምፅ ብቻ የያዘ ሰው ትርፍ ሰው አይደለም።